ለአሮጌው ዴስክቶፕ፦ ፕሮሰሰር ወይስ ኤስኤስዲ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ ብትሉ፣ ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ 3 ፕሮሰሰር (ሲፒዩ፣ የኮምፒውተሩ አንጎል) ያለው ዴስክቶፕ ዛሬም ሥራ ላይ ልታገኙ ትችላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ነው። በትንሽ ብር ነፍስ እንዝራበት ካልን ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ያገለገለ ኮር አይ 7-2600 ፕሮሰሰር መግዛት ነው። ሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ) ያው ኤልጂኤ 1155 ስለሆነ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) በአብዛኛው አይቀየርም። ኮሩ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ክፍል) ከ2 ወደ 4 ያድጋል። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግን ከ65 ዋት ወደ 95 ዋት ይወጣል፤ የድሮው ማቀዝቀዣ ላይችለው ይችላል። የከተማችን ብርድ ይበቃዋል ብላችሁ አትዘናጉ፤ ፋኑን አቧራ ከዘጋው ብርድም አያድነውም። ቴርማል ፔስቱም (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) እንደ አዲስ ይቀባ። አራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ደግሞ ሶኬቱ 1150 ነው፤ ሻጩ «ይሠራል» ቢላችሁም አይገጥምም።

ሁለተኛው ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን የፋይል ማከማቻ) መተካት ነው። ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህንን ነው። ደንበኛ ፍላሹን ሰጥቶ ቆሞ ወርድ አልከፈት ሲል፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የፕሮሰሰሩ አይደለም። ታስክ ማናጀርን (ዲስኩና ሲፒዩው ምን ያህል እንደተያዙ የሚያሳየውን የዊንዶውስ መስኮት) ክፈቱ። ዲስኩ 100% ላይ ተገትሮ ሲፒዩው 20% ካሳየ፣ አይ 7 ብትገዙም ያው መጠበቅ ነው። ራሙ 4 ጊጋ ብቻ ከሆነ 8 አድርጉት።

100% የሚለው ሲፒዩው ከሆነ ግን አይ 7 ግዙ። እዚያው ሱቅ ተገጥሞ፣ ሲሠራ አይታችሁ ክፈሉ።