ከግድግዳ የሚታጠፍ የአናጢ ጠረጴዛ፦ ለጠባብ ጋራዥ ያዋጣል?

መኪና በሚያድርበት ጋራዥ ለሚሠራ አናጢ ትልቁ ራስ ምታት ጠረጴዛው ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ብየዳ ቤት በትእዛዝ የሚሠራው ታጣፊ ጠረጴዛ፣ 180 በ60 ሳንቲ ሜትር፣ ሲታጠፍ ከግድግዳው የሚወጣው ከ15 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ቦታ በመቆጠብ እንከን የለበትም።

ጣጣው ማሰሪያው ላይ ነው። ውስጡ ክፍት ብሎኬት ላይ በተራ ፊሸር (ግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ የፕላስቲክ መያዣ) ከታሰረ፣ መላጊያ በተገፋ ቁጥር ንቅናቄው ቀዳዳውን ያሰፋውና አንድ ቀን ይነቅለዋል። ቡሎኑ ኮንክሪት አምድ ላይ ይግባ። አምዱ ከራቀ ግድግዳውን ዘልቆ በጀርባ በኩል በላሜራና በዳዶ የሚያዝ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን ይሻላል። ጭቃ ግድግዳ ላይ ግን አይሞከር፤ ከወለሉ የሚነሱ ሁለት የብረት ቋሚዎች ይተከሉ።

ሲያዙ እግሮቹ ወደ ጎን እንዲታጠፉ ይናገሩ። የ86 ሳንቲ ሜትር እግር ከ60 ሳንቲ ሜትር ገጽ ስለሚረዝም ወደ ውስጥ ከታጠፈ ከማጠፊያው በላይ አልፎ ይጋጫል። ወደ ጎን ግን ሁለቱ ተደምረው 172 ናቸው፤ ለጥቂት ይገባሉ።

ለገጹ ያልደረቀ የባህር ዛፍ ጣውላ ርካሽ ነው፤ የበጋው ደረቅ ብርድ ግን ያጣምመዋል። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ገበታ) ሁለት ቁራጭ ደርቦ በኮላ ማጣበቅ ይመረጣል፤ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ገበታ ሁለቱንም ያወጣል። የተጣበቀው ገጽ ክብደቱ ወደ 30 ኪሎ ስለሚጠጋ ሁለት ማጠፊያ አይበቃውም፣ አራት ይሁን። ውሃ ካገኘው ያብጣልና ጠርዙ ቫርኒሽ ይቀባ።