አይዲኤች ወይስ ኤምጂኤምቲ? የአንጎል ዕጢ ውጤት ላይ የቱ ይቀድማል?

የአንጎል ዕጢ የላብራቶሪ ውጤት ላይ ሁለት የዘረመል ስሞች ዓይን ይስባሉ፦ አይዲኤች እና ኤምጂኤምቲ። ሁለቱም ታማሚው ምን ያህል ሊኖር እንደሚችል ይጠቁማሉ። የሚመልሱት ጥያቄ ግን ለየቅል ነው።

አይዲኤች ዕጢው ምን ዓይነት እንደሆነ ይናገራል። ዘረመሉ ከተለወጠ ዕጢው በአብዛኛው ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ታማሚውም ረዘም ላለ ጊዜ ይኖራል። ከ2021 ወዲህ በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ለውጡ ያለበት ዕጢ ግሊዮብላስቶማ (እጅግ አደገኛ የሆነ የአንጎል ካንሰር) አይባልም። ምርመራው ብዙ አያስቸግርም፤ የተለመደው ለውጥ ካለ በልዩ ማቅለሚያ የተቀባው ናሙና ማይክሮስኮፕ ሥር ቡናማ ሆኖ ይታያል።

ኤምጂኤምቲ ደግሞ የመድኃኒቱ ጉዳይ ነው። ቴሞዞሎማይድ የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት የዕጢውን ዲኤንኤ ይጎዳል። ኤምጂኤምቲ የሚባለው ፕሮቲን ከኋላው እየተከተለ ይጠግንለታል! ዘረመሉ በሜቲሌሽን (ዲኤንኤ ላይ በሚለጠፍ ኬሚካላዊ ምልክት) ከተዘጋ ግን ጠጋኙ ይጠፋል። በ2005 በታተመ ጥናት፣ ጨረርና ቴሞዞሎማይድ ከወሰዱ የግሊዮብላስቶማ ታማሚዎች መካከል፣ ዘረመሉ ከተዘጋባቸው ግማሾቹ ከ21.7 ወር በላይ ኖረዋል። ካልተዘጋባቸው ግን ግማሾቹ 12.7 ወር አላለፉም። ችግሩ፣ «ተዘግቷል» የሚባልበት ልክ ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ይለያያል።

ለእኔ አይዲኤች ይቀድማል፤ ዕጢው ሳይታወቅ ስለ መድኃኒቱ ምን ይወራል? ግሊዮብላስቶማ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ግን፣ በተለይ በዕድሜ ለገፋ ታማሚ፣ ጨረር ይሻላል ወይስ ቴሞዞሎማይድ ለሚለው ኤምጂኤምቲን ማየት ግድ ነው።