የፉኩሺማ ቅጠል፦ በቁጥር ወይስ በምስል?

በ2011 እ.ኤ.አ. በጃፓን የፉኩሺማ ኑክሌር ጣቢያ ከደረሰው አደጋ በኋላ በተክል ላይ ያለውን ሲዚየም፣ ጨረር የሚያመነጭ ንጥረ ነገር፣ ለማወቅ ሁለት መንገዶች ሠርተዋል፦ በቁጥር መለካትና በጨረር ምስል ማየት።

የጀርመኒየም መለኪያ የሚባለው የጨረር መሣሪያ ቁጥር ይሰጣል። ናሙናው ተከትፎ ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ መሣሪያው ሁለቱን የሲዚየም ዓይነቶች፣ 134ን ከ137፣ ለይቶ በኪሎ ስንት ቤክሬል (የጨረር አመንጪነት መለኪያ) እንዳለ ይናገራል። ጃፓን ለአብዛኛው ምግብ ያወጣችው ወሰን በኪሎ 100 ቤክሬል ነው። ገበሬው ጎመኑን ይሽጥ አይሽጥ የሚታወቀው በዚህ ነው።

የጨረር ምስል ግን ቦታውን ያሳያል። ቅጠሉ ተጭኖ ይደርቅና ጨረር የሚመዘግብ ሰሌዳ ላይ ይተኛል። አደጋው ሲደርስ በነበረ አሮጌ ቅጠል ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ ከሰማይ የወረደ ብናኝ ነው። በኋላ በበቀለው ላይ ግን ሲዚየሙ ሳስቶ ይሰራጫል፤ ተክሉ ራሱ ውስጥ ለውስጥ አሳልፎታል። የተከተፈ ናሙና ይህን ልዩነት ጭራሽ ይደብቀዋል።

ለገበያ ቁጥሩ ይቅደም። ብክለቱ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ግን እኔ ምስሉን እመርጣለሁ። ላዩ ላይ ያረፈው በከፊል ይታጠባል፤ ውስጥ የገባውን ግን ማጠብ አያስለቅቀውም።