ጀርባው ላይ ሸራ ያለው የፕላስቲክ «ዳይኖሰር»

ደሴ ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ ለልጄ በ350 ብር ገዛሁት። ባለሱቁ 500 ብሎ ጀምሮ «ለአንተ ስል ነው ወንድምአለም» እያለ ወረደልኝ።

ካርቶኑ ላይ «ዳይኖሰር» ይላል። ውሸት ነው! ይሄ ዳይሜትሮዶን ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ዳይኖሰሮች በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ቀድሞ የጠፋ፣ በዝምድና ከእንሽላሊት ይልቅ ለእኛ ለአጥቢዎች የሚቀርብ። (ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፣ ዝም ማለት አቃተኝ።)

ሸራውን የሠራው ሰው ግን አውቆበታል። ከአከርካሪው የተነሱት ረጃጅም አጥንቶች አንድ በአንድ በጣት ይዳሰሳሉ። ጥርሱም ትልቅና ትንሽ ነው፤ ስሙ የመጣው ከዚያው ነው።

ችግሩ እግሩ ነው። የኋላ ግራው አጥሮ ጠረጴዛ ላይ ይንገዳገዳል፤ ቆርኪ ደግፌ ነው ያቆምኩት። ቀለሙም ሁለት ቀን ሳይሞላው የልጄን እጅ አረንጓዴ አደረገው። ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከት ሕፃን ካላችሁ ተዉት።

ከ250 በላይ አያወጣም።