ኢምፔራቶር፦ ሮም፤ ገንዘቡን የሚያወጣው መነሻ ዓመቱ ነው

ይህን በጥንቱ ዓለም አገር የምትመሩበትን የኮምፒውተር ስትራቴጂ ጌም ለወራት ከተጫወትኩ በኋላ ሽንጤን ገትሬ የምከራከርለት አንድ ነገር ቢኖር መነሻ ዓመቱ ነው። በ304 ይጀምራል፣ በ27 ያበቃል፤ ሁለቱም ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ሮም ከተቆረቆረችበት የሚቆጠረው 450 ስለሆነ፣ ግራ ሲገባችሁ ከ754 ላይ ቀንሱት።

ሻጭ ቢጠየቅ «277 ዓመት ሙሉ!» ይላል። ርዝመቱን ምን ላድርገው? ቁም ነገሩ በ304 ማንም ገና አለማሸነፉ ነው። ታላቁ እስክንድር ከሞተ 19 ዓመት አልፎም የጦር አለቆቹ ግዛቱን ተከፋፍለው አልጨረሱም። ከእነሱ አንዱ፣ አንድ ዓይናው አንቲጎነስ፣ ሰማንያ ሊሞላው ትንሽ ቀርቶት ትንሹን እስያንና ሶርያን ይዟል፤ በታሪክ ግን በ301 በኢፕሰስ ጦርነት ላይ ወድቆ ግዛቱ ለባላንጣዎቹ ሆነ። ሮም ከጣሊያን ተራራማ ሕዝብ ከሳምናይቶች ጋር ያደረገችውን ሁለተኛ ጦርነት የጨረሰችው በዚሁ በ304 ነው፤ ከሰሜን አፍሪካዋ ካርቴጅ ጋር እስክትገጥም ገና 40 ዓመት አላት። ማንንም ብትይዙ ታሪኩን የማጣመም ዕድል በእጃችሁ ነው።

በ2004 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሮም፦ ቶታል ዋር ከሚባለው ሌላ ጌም ጋር አስተያዩት። እሱ በ270 ይጀምራል፣ በዓመት ሁለት ተራ ይሰጣል። ልዩነቱ 34 ዓመት ብቻ ቢሆንም በዚያን ጊዜ ሮምን የተዋጋው የኤጲሮስ ንጉሥ ፒሩስ ሞቷል፣ ደቡብ ጣሊያን በሮም እጅ ገብቷል፣ የእስክንድር ወራሾች ድንበራቸውን ለይተዋል። ለውጊያ ጥሩ ነው። ለፖለቲካ ግን ማዕዱ ተነስቷል።

አንቲጎነስን የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ ጌሙን ያቁመውና የጦር አዛዦቹንና የአውራጃ ገዥዎቹን ታማኝነት አንድ በአንድ ይይ። ሽማግሌው ብዙ አይቆይም። ዙፋኑ ለልጁ ለዲሜጥሮስ ሲተላለፍ፣ ያኮረፉት ሰዎች የያዙት ሥልጣን ተደምሮ ከበዛ የእርስ በርስ ጦርነት ይፈነዳል። ብዙ ጦር የያዘ አዛዥ ካኮረፈ መጀመሪያ ከእሱ ጀምሩ።

የመጨረሻው መቶ ዓመት ግን ያሳዝነኛል። በወረራ ብዛት የሚከማቸው ጥላቻ በጊዜ ስለሚቀንስ፣ ትዕግሥት ያለው ተጫዋች ሁልጊዜ ይገዝፋል፤ ከዚያ በኋላ ተቀናቃኝ የለም፣ ኮምፒውተሩም ይንቀራፈፋል።

አክሱምን ፈልጋችሁ ከሆነ ለዚያ ብላችሁ አትግዙት። የአክሱም ነገሥታት ሳንቲም ያስመቱት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሦስተኛው መቶ ዓመት ነው፤ ኢዛና ደግሞ በአራተኛው። የጌሙ ዘመን እዚያ አይደርስም። መርዌን ማዕከል ያደረገው ኩሽ ግን ካርታው ላይ አለ፤ ከግብፁ በጥሊሞስ ጋር መጎራበት ቀላል አይደለም።

በ2019 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አይታችሁ የተዋችሁት ካላችሁ በ2021 የወጣውን 2.0 የተባለ ዝማኔ ሞክሩ፤ ብዙ ተስተካክሏል።

ማብቂያ ቀኑን ማራዘም ለሚፈልግ፦ የሚወስነው ዲፋይንስ የሚባለው ፋይል ውስጥ ያለ አንድ መስመር ነው። ዋናውን ፋይል አትንኩ፤ ዝማኔ ሲመጣ የለወጣችሁትን ይሽረዋል። ጌሙን በሚያስነሳው ላውንቸር አዲስ ሞድ (ጌሙን የሚለውጥ ተጨማሪ ፋይል) ፍጠሩና መስመሩን እዚያ አስገቡ። አቺቭመንት የሚባሉት የጌሙ ሽልማቶች ግን ይቀሩባችኋል። ደግሞም የሚጨመረው ዓመት ብቻ ነው፤ ክርስትናም ሆነ አዲስ መንግሥት ይዞ አይመጣም። እኔ ከማራዘም ይልቅ 304ን እንደገና መጀመር እመርጣለሁ።