62 ዕቃ ያለው ቦርሳ እና አንድ ቀጭን ገመድ፤ ከአሥር ወር በኋላ

ቦርሳው ቀይ ነው፤ መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ የሚያስፈልግ ዕቃ የሚይዝ ቦርሳ። ዚፑ እስካሁን አልተበላሸም። ስለ ዚፑ የምለው ይኸው ነው፤ ሆዴን የሞላው ውስጡ ያለው የባትሪ ገመድ ነገር ነውና፤ ባትሪ ሲሞት ከሌላ መኪና ኃይል የምንበደርበት።

መስከረም ላይ ነው የገዛሁት፣ በ6,500 ብር። መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ አውቶማቲክ። ለአዲስ አበባ ብቻ ቢሆን እንዲህ ያለ ቦርሳ ትዝም አይለኝም ነበር። እዚህ ጎሚስታው በየመንገዱ ዳር ነው፣ መኪና ሲቆም ሰው ይሰበሰባል፣ የማይመክር የለም። ግን ደብረ ብርሃን አክስት አለችኝ። በዓመት አራት አምስት ጊዜ 130 ኪሎ ሜትሩን ብቻዬን እነዳለሁ። ይህን ለሻጩ መንገሬ ነው የጎዳኝ። "የኔ እህት፣ ይሄን ከያዝሽ እኮ መካኒክ ጭነሽ እየሄድሽ ነው" አለኝ። ማሸጊያው ላይ "62 ዕቃ" ይላል። እኔም 62 ሲባል ብዙ መሰለኝ።

ቤት ገብቼ ቆጠርኩት። በእርግጥም 62 ነው፣ አልዋሹም። 20ው የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው። 16ቱ የቁስል ፕላስተር። 10 ፊውዝ፣ ያውም ለቪትዝ የማይገባ፤ የኔዋ ትንንሾቹን ነው የምትጠቀመው። 4 የአልኮል መጥረጊያ። ጓንቱ ቀኝና ግራው ለየብቻ ተቆጥሯል። ቦርሳው ራሱም ተቆጥሯል! የቀረው የጎማ መንፊያ ፓምፕ፣ ትሪያንግል፣ መጎተቻ፣ ባትሪ መብራት፣ አንፀባራቂ ሰደርያ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ መስታወት መስበሪያ መዶሻና የባትሪ ገመድ ነው። ክሪክ የለውም። የእሳት ማጥፊያም የለውም። ያኔ ግን አልከፋኝም። ከኋላ ኮፈን ውስጥ ከስኮርታው ጎን አስቀመጥኩትና ረሳሁት።

የታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት ነው። አክስቴ ቤት አድሬያለሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭቶ ነው የሚጠብቃችሁ። ማታ አክስቴ "መኪናዋን ብርድ ልብስ አልብሻት" ስትለኝ ስቄባታለሁ። በብርድ ልብስ ፋብሪካ የታወቀ ከተማ ሰው ሌላ ምን ይላል ብዬ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፉን ጠመዘዝኩ። ጠቅ። ደገምኩ። ጠቅ ጠቅ ጠቅ። የዳሽቦርዱ መብራት አብሮ ድርግም ድርግም ይላል። ባትሪ።

ጎረምሶቹ ወዲያው ደረሱ። "እንግፋልሽ?" አውቶማቲክ ናት ስላቸው ተስፋ ቆረጡ። ማንዋል ብትሆን በሁለተኛ ማርሽ ገፍተው ያስነሷት ነበር። አውቶማቲክ ግን ሞተሩ ካልዞረ የካምቢዮውን ዘይት የሚገፋው ፓምፕም አይዞርም፤ ስለዚህ ጎማው ቢሽከረከር ሞተሩ ወሬውንም አይሰማ። እስከ ሸኖ ቢገፏት ያው ናት። አክስቴ ደግሞ የፈላ ውሃ በጆግ ይዛ መጣች። "ባትሪው ላይ ላፍስበት?"

"ኧረ እትዬ፣ በማርያም ተይ!"

እኔ ግን ውስጤ ዘና ብሏል። ቦርሳው አለኛ! እውነቱን ልናገርና ያንን ቀን እንደ ሠርግ ስጠብቀው ነበር የኖርኩት።

የጎረቤት ኮሮላ መጥቶ አፍንጫ ለአፍንጫ ተጠጋልን። ገመዱን ከነማሸጊያው አወጣሁት። "1,000 አምፔር" ይላል በትልቁ። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። ባለኮሮላው ነዳጅ እየረገጠ ነው። ጠመዘዝኩ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። ደገምኩ፣ ጠቅ። "ትንሽ ይሙላ" ተባለ፤ 10 ደቂቃ ጠበቅን፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሦስተኛው ላይ ሽታው መጣ። የሚቃጠል ፕላስቲክ። ገመዱን በእጄ ብነካው ምጣድ ሆኗል። ጥቁሩ መቆንጠጫ አንገት ላይ ላስቲኩ ለስልሶ ተንሸራትቷል፣ እርቃኑን የቀረው ሽቦ ይታያል።

ይሄኔ ነው አንድ አይሱዙ የቆመው። ከኮምቦልቻ የመጣ ሹፌር ጋቢውን እንደተከናነበ ወረደ። ገመዴን አንስቶ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው።

"እህቴ፣ ይሄ የስልክ ቻርጀር ነው" አለኝ።

ከወንበሩ ጀርባ የራሱን አወጣ። የብየዳ ገመድ ነው፤ ጥቁር፣ አውራ ጣት የሚያህል፣ ለመሸከም የሚከብድ። "የኔ 24 ነው" አለ። አይሱዙው ባለ 12 ቮልት ሁለት ባትሪ አያይዞ ነው የሚጠቀመው። "ከሁለቱም ብሰጥሽ ኮምፒውተሯን ጠብሼልሽ ነው የምሄደው።" ሞተሩን አጠፋ። ኔጋቲቩ ከሻንሲው ጋር የታሰረውን አንዱን ባትሪ ብቻ መረጠ። መጀመሪያ ቀዩን ከኔ ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ቀጥሎ ከሱ። ከዚያ ጥቁሩን ከሱ ኔጋቲቭ። የመጨረሻውን ጥቁር ግን የኔ ባትሪ ላይ አላደረገውም፤ ራቅ አድርጎ ሞተሩ ላይ ቀለም ያልነካው ብሎን ላይ አስነከሰው። ለካ የመጨረሻው ሲነካ ብልጭ ይላል፤ ከባትሪ ደግሞ ሃይድሮጂን ጋዝ ይወጣል። ሁለቱ ባይገናኙ ይሻላል። እኔ ከኮሮላው ጋር ስታገል ይህን ሁሉ አላደረግኩም፤ ዓይኔ መትረፉም አንድ ነገር ነው።

"ሞክሪ።"

ግማሽ ዙር እንኳ ሳይሞላ ተነሳች። ብር ለማውጣት ቦርሳዬን ስከፍት ተቆጣ። አክስቴ በፌስታል ቆሎ ሞልታ ሰጠችው፣ እሱን ተቀበለ።

አዲስ አበባ ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ገመዱን በቢላ ለሁለት መቁረጥ ነበር። ንዴት ነው፣ አልክድም። ከውጭ ጣቴን ያህላል። ያ ሁሉ ግን ላስቲክ ነው። መሀሉ ላይ ያለው የሽቦ እሽግ እስክርቢቶ ውስጥ ያለውን የቀለም ቀሰም ቢያህል ነው። ሽቦው ቀላ ያለ ነው፣ መዳብ ይመስላል። አንዷን በምላጭ ፋቅ ባደርጋት ነጭ ወጣች። አሉሚኒየም ነው፣ መዳብ የተቀባ። ሰፈራችን ያለ ኤሌክትሪሻን ለካውና "ባለ 6 ካሬ ብትሆን ነው" አለኝ፤ የሽቦው ውፍረት 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ማለቱ ነው። መቆንጠጫው ደግሞ ሌላ ጉድ። ሁለት መንጋጋ አለው፤ ሽቦው የታሰረው ግን ከአንዱ ጋር ብቻ። ሌላኛው መንጋጋ መንከስ እንጂ ማሳለፍ አያውቅም።

ስሌቱ የትምህርት ቤት ስሌት ነው። አሉሚኒየም መዳብ ከሚያሳልፈው 60 በመቶ ገደማ ነው የሚያሳልፈው። ገመዱ 2 ሜትር ተኩል ነው፤ ደርሶ መልሱ 5 ሜትር። በዚህ ቅጥነት 100 አምፔር ሲያልፍ ከ2 ቮልት በላይ ሙቀት ሆኖ መንገድ ላይ ይቀራል። እጄን የፈጀኝ እሱ ነው። ትንሽ ሞተር እንኳ በዚያ ብርድ፣ ዘይቱ ወፍሮ እያለ፣ ሲነሳ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። ኮሮላው የሰጠንን እኛ ጋ ሳይደርስ ገመዱ በላው ማለት ነው። ባለ 25 ካሬ መዳብ ቢሆን በዚያው 100 አምፔር የሚጠፋው ግማሽ ቮልት አይሞላም።

አሁን ሻጩ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። "ባትሪሽ አርጅቶ ነው፣ የኔ እህት።" አዎ አርጅቷል! አራት ዓመቱ ነው። ደህና ባትሪ ያለው ሰው የባትሪ ገመድ ምን ይሠራለታል? "ብዙ አልጠበቃችሁም።" እውነት ነው፣ ግማሽ ሰዓት ብንጠብቅ የሞተው ባትሪ ቀስ እያለ ይሞላና ምናልባት ትነሳ ነበር። ታዲያ "1,000 አምፔር" ብሎ መጻፍ ምን አመጣው? "በትዕግሥት ይሠራል" ብላችሁ ጻፉበታ። "ሌላ ደንበኛ ቅር አላለውም።" እንዴት ቅር ይለዋል? ዚፑን አልከፈተውማ። የዚህ ዕቃ ንግድ ትርፉ እዚያ ላይ ነው፤ የገዛው ሰው ለዓመታት አይሞክረውም፣ በሞከረው ቀን ደግሞ ሱቁ 130 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

ሌላውን በአጭሩ ልጨርስ። ፓምፑ ጥሩ ነው፣ ሳልወድ አመሰግነዋለሁ። የሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ላይ ይሰካል፣ ሞተሩን አስነስቼ ነው የምጠቀምበት። እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ግን ሰኔ ላይ ሸኖ አካባቢ በዝናብ ጎማዬ ሲተነፍስ በስምንት ደቂቃ ሞልቶልኝ ጎሚስታ ጋ ደርሻለሁ። ትሪያንግሉ ቀላል ስለሆነ ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር ይወድቃል፤ እግሩ ላይ ድንጋይ እጭንበታለሁ። (ስትነሱ ድንጋዩን አንሱ፣ እባካችሁ። ቅጠልና ድንጋይ ደርድሮ፣ መኪናውን ጠግኖ፣ ድንጋዩን ለሚቀጥለው ሹፌር አውርሶ ስለሚሄደው ሰው ሌላ ቀን እናወራለን።) መዶሻውን ወደ ሾፌር በር ኪስ አዛወርኩት፤ ከኋላ ኮፈን ውስጥ የተቆለፈበት መስታወት መስበሪያ ማንንም አያወጣም። መጎተቻው "3 ቶን" ይላል። የ1,000 አምፔሩን ካየሁ ወዲህ ባልሞክረው ነው የሚሻለኝ።

ጥር ላይ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ባለ 25 ካሬ የብየዳ ገመድ 6 ሜትር አስቆረጥኩ፣ ሦስት ሦስት ሜትር እንዲሆን። ቀይ ስላልነበረ የአንዱን ጫፎች በቀይ ናስትሮ ጠመጠምኩ። መቆንጠጫውን የመረጥኩት ሁለቱ መንጋጋዎች በመዳብ ጥልፍልፍ የተያያዙበትን ነው። ባለሱቁ ጫፉን ፋቅ ላድርገው ስለው አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ኖሮ ትቼው እሄድ ነበር። ሲያልቅ ሁለት ኪሎ ገደማ ሆነ፤ ያኛው በአንድ ጣት የሚንጠለጠል ነበር። ዋጋው የሙሉ ቦርሳውን ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። የአንድ ደህና ገመድ ዋጋ ይህ ከሆነ 62 ዕቃ በ6,500 ብር ሲሉኝ መጠርጠር ነበረብኝ። አልጠረጠርኩም። ቀይ ቦርሳ አማለለኝ።

ይገዛ ወይስ አይገዛ ለምትሉ፣ ዛሬ ከጠየቃችሁኝ አይገዛ። ሰኔ ላይ ያንን ጎማ ነፍቼ እንደጨረስኩ ብትጠይቁኝ ግን ይገዛ እል ነበር፣ ዝናቡም አባርቶ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ መሥሪያ ቤታችን ምድር ቤት የአንድ ባልደረባዬ ዲዛየር አልነሳ አለች። ሁለት ሦስት ሰው ከቧታል። እሱ ምንም አልደነገጠም። የኋላ ኮፈኑን ከፍቶ ቀይ ቦርሳ ሲያወጣ ሳቄ አመለጠኝ።

"ምነው?" አለ። "1,000 አምፔር ነው እኮ።" ማሸጊያውን አዞረልኝ።

"ፓምፑ ጥሩ ነው" አልኩትና የራሴን ላመጣ ሄድኩ።