ቆጠራ ወይስ ዕይታ፦ የአንድ የልጅነት ፊልም ውክልና በሁለት ሚዛን
በ1962 እ.ኤ.አ. ለእይታ የበቃውንና በ1930ዎቹ በአሜሪካዋ አላባማ ግዛት የነበረውን ልጅነት የሚተርከውን «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» የተባለ ፊልም፣ ጥቁሮችን እንዴት እንደሚወክል በሁለት መንገድ መመዘን ይቻላል። አንደኛው ጥቁር ገጸ ባሕርያትን መቁጠር ነው፤ ብዙ ፊልሞችን ለማነጻጸር ቢመችም፣ በፊልሙ የችሎት ትዕይንት የፍርድ ቤቱን ሰገነት የሞሉትን ዝምተኛ ታዳሚዎች ስለሚያካትት ፊልሙን ከሚገባው በላይ አካታች ያስመስለዋል። ሁለተኛው ታሪኩ በማን ዓይን እንደሚታይ መጠየቅ ነው። እዚህ ላይ የምናየው በነጯ ልጅ በስካውት ዓይን ነው፤ በሐሰት የተከሰሰው ጥቁሩ ቶም ሮቢንሰን ስለ ራሱ በስፋት የሚናገረው በችሎት ብቻ ሲሆን፣ ሞቱን እንኳ የምንሰማው ከሌላ ሰው አንደበት ነው። የቶም ልጆችስ ያን ዘመን እንዴት አዩት? ይህን ጥያቄ የሚያስነሣው ሁለተኛው መንገድ በመሆኑ፣ ለግል አስተያየት የተጋለጠ ቢሆንም እኔ እርሱን አስቀድማለሁ።